ካርዱ ለማን ነው?

በዚህች ቡለቲን ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስለ ፈተና ጭንቀት፣ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ምረቃና ከምረቃ በኋላ ስለሚጠብቀን ሥራ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ካርድ ነው። የሞባይል ካርድ ማለቴ አይደለም፤ ለበዓል የሚሰጠውን፣ በተለምዶ ‹‹ፖስት ካርድ›› የምንለውን ማለቴ ነው። ‹‹ኧረ ባክሽ፣ በዚህ ዘመን ስለ ፖስት ካርድ ምን ይጻፋል?›› የሚል አይጠፋም። እኔም ካርዱን ከመሥራቴ በፊት እንደዚያው ነበር የማስበው። አሁን ግን ነገ መምህር ሆነን ልጆች ፊት ስንቆም የሚጠቅመን ነገር ያገኘሁበት ስለመሰለኝ እስከ መጨረሻው ብትታገሱኝ ደስ ይለኛል።

መቼም እንቁጣጣሽ ሲመጣ ሴት ልጅ ‹‹አበባየሆሽ›› እያለች ትዞራለች፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ሥዕል ስሎ በየጎረቤቱ ያዞራል። የእኛ አገር የእጅ ሥራ ካርድ ይኸው ነው፤ ማንም ኮሌጅ ገብቶ አልተማረውም። ታላቅ ወንድሜ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ከደፍተሩ መሀል ወረቀት እየገነጠለ መልአክ ይስል ነበር። የመልአኩ ክንፍ ቢጫ፣ ጉንጩ ቀይ፣ ከሥሩ አበባ፣ ከላይ ፀሐይ። የእኔ ሥራ እርሳስ መቅረጽና ያለቀውን ሥዕል ዝናብ እንዳይነካው መጠበቅ ነበር። ሴት ስለሆንኩ ሳይሆን ሴት ስለሆንኩ! ማለትም ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም ግን ‹‹አንቺም ሳይ›› አላለኝም። በዚህ ምክንያት 20 ዓመት ሞልቶኝ ኮሌጅ እስክገባ ድረስ በእጄ ሠርቼ ለሰው የሰጠሁት አንድም ካርድ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። በእጅ ሥራ ትምህርታችን ‹‹ከዚህ በፊት ባልሞከራችሁት ስልት የመልካም ምኞት ካርድ ሠርታችሁ አምጡ›› ተባልን። ከ20 የሚታረም ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ካርድ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈልን፤ ከባለቀለም ወረቀት ተቆርጦ የተሠራ ቀይ ጽጌረዳ፣ ዳሩ በሪቫን የተከበበ፣ ከላዩ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት። እውነት ለመናገር ያምራል። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ከክፍላችን አብዛኛው ሰው ጽጌረዳ ይዞ መጣ። የአንዱ ትልቅ፣ የአንዱ ትንሽ፣ የአንዱ ሮዝ፣ የአንዱ ቀይ፣ ሁሉም ግን ያው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ጽጌረዳ። ‹‹ያልሞከራችሁት ስልት›› ተብለን ሁላችንም አንድ ዓይነት ስልት ሞከርን ማለት ነው።

እኔም ጽጌረዳውን ልሠራ ተነስቼ ነበር። ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሄጄ የባለቀለም ወረቀቱን፣ የማስቲሹንና የብልጭልጩን ዋጋ ስጠይቅ ኪሴም ልቤም ደነገጠ። ከዚያም በላይ ትዝ ያለኝ ለማስተማር ልምምድ የወጣሁበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ልጆቹ አንድ መቀስ ለአንድ ክፍል ይካፈሉ ነበር። እዚህ በብልጭልጭ የተማርኩትን እዚያ በምን አስተምረዋለሁ? ይህንን እያብሰለሰልኩ ቤት ስገባ እናቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ‹‹ለመሆኑ ካርዱ ለማን ነው?›› አለች። ‹‹ለመምህሩ›› አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ጥያቄው አልለቀቀኝም።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን ጥቂት ልበል። አያቶቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው በሰፈራ ወደ አሶሳ ከመጡት ሰዎች መካከል ናቸው። የዚያን ጊዜ ሰፋሪው የገባባቸው መንደሮች በቁጥር ይጠሩ እንደነበር፣ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ በቁጥራቸው እንደሚታወቁ የአሶሳ ሰው ያውቃል። አባቴ ያኔ ሕፃን ነበር። አሁን የምንኖረው ከተማው ዳር ነው። ጎረቤታችን በርታ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ልጆች ‹‹አባባ›› ብቻ ነው የምንላቸው። በእኛና በእሳቸው ግቢ መሀል የቀርከሃ አጥር አለ። ልጅ ሆነን አጥሩ ላይ ልጅ የሚያሳልፍ ሽንቁር ነበር። በእንቁጣጣሽ ወንድሜ ሥዕሉን ይዞ በዚያ ሽንቁር ይገባል፣ በኢድ ደግሞ ከእሳቸው ቤት ሳህን በዚያው ይመጣል። አያቴም ‹‹ወሎም እንዲህ ነበርን›› ትል ነበር።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. በአሶሳ ከተማ ግጭት ተነስቶ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህም በካማሺና በመተከል ዞኖች ለዓመታት በቆየው ግጭት ስንት ሰው እንዳለቀና ስንት ሰው እንደተፈናቀለ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ከመካከላችን ቤተሰቡ የተፈናቀለበት ተማሪም አለ። የእኛ ቤትና የአባባ ቤት ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። ማንም ማንንም አልነካም። ግን በዚያ ክረምት አጥሩ ሲታደስ ሽንቁሩ ተደፈነ። ማን እንደደፈነው አላውቅም፤ እኛም እነሱም ለምን ብለን አልጠየቅንም። ሳህኑም ሥዕሉም በዚያው ቀረ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አለ፣ ‹‹ደህና ናችሁ?››፣ ‹‹ደህና››፣ በቃ። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ስለዚህ እናቴ ‹‹ለማን ነው?›› ስትለኝ ትንሽ ቆይቼ የመጣልኝ መልስ ‹‹ለአባባ›› የሚል ነበር።

አሁን እውነተኛው ጥያቄ መጣ። ለአባባ የሚሰጥ ካርድ ላይ ምን ይደረጋል? መልአክ አልስል፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ የወንድሜን መልአክ በልጅነቱ በፈገግታ ይቀበሉት የነበረ ቢሆንም እኔ አድጌያለሁና አውቄ ማድረግ አለብኝ። ላሊበላም አይሆንም። ጽጌረዳ? እኝህ ሽማግሌ በሕይወታቸው ጽጌረዳ ተቀብለው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ቢሰጣቸውም የማን እንደሆነ አይገባቸውም። ከአዲስ አበባ የሚመጡት የታተሙ ካርዶች ላይ ያሉትን ሥዕሎች አንድ በአንድ በሐሳቤ ባገላብጥ አንዱም የአሶሳን ሰው የሚመስል አልሆነልኝም። አዲስ አበባ ከዚህ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሥዕሎቹም የዚያኑ ያህል የራቁ ናቸው። እንዲህ ሆኜ በመስኮት ሳይ ፊት ለፊቴ የተተከለው ምንድን ነው? አጥሩ። ቀርከሃው።

ስለ ቀርከሃ እዚህ ክልል ላለ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም ለካርዱ ሥራ ስለሚያስፈልግ ጥቂት ልበል። አገራችን ሁለት ዓይነት የራሷ ቀርከሃ አላት፤ አንደኛው ደጋ ላይ የሚበቅለውና ውስጡ ክፍት የሆነው ሲሆን ሁለተኛው የእኛ የቆላው፣ ሽመል የምንለው ነው። የእኛው ግንዱ በአብዛኛው ድፍን ነው። ቡቃያው በክረምት ወጥቶ በዚያው ክረምት ቁመቱን ይጨርሳል፤ ለሥራ የሚሆነው ግን ሦስት ዓመት ያህል ሲቆይና ሲጠነክር ነው። ቡቃያው ይበላል፣ ግንዱ ቤት፣ አጥር፣ ጎተራ፣ ቀፎና አልጋ ይሆናል። ቡቃያው ሲያድግ የለበሰውን ልባስ እየጣለ ነው የሚያድገው፤ ያ ደረቅ ልባስ ከሥሩ ተቆልሎ ይገኛል፣ የሚገዛውም የሚከለክለውም የለም። አባባ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀፎና ጎተራ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

የደረቀ ቅጠል በወረቀት ላይ እየለጠፉ ካርድ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ከደረቀ የሙዝ ቅጠል የሚሠሩ ካርዶች ለቱሪስት ይሸጣሉ፤ የሙዝ ቅጠል ሲደርቅ ከነጣ ቢጫ እስከ ጥቁር ቡኒ ድረስ ብዙ መልክ ስላለው ያለ ቀለም ሥዕል ይሆናል። የእኔ ሐሳብ በሙዙ ፋንታ የሽመሉን ልባስ በቀጭኑ እየሰነጠቅሁ ትንሽ አጥር የሚመስል ነገር ካርዱ ላይ ማድረግ፣ መሀሉ ላይ ሽንቁር መተው፣ በሽንቁሩ በኩል ደግሞ ፀሐይ ማሳየት ነበር። በሐሳብ ደረጃ አሪፍ ነበር። ሥራው ላይ ግን ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

መጀመሪያ ልባሱን በባዶ እጄ ሰብስቤ መጣሁ። ለካ የሽመል ልባስ ላዩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ፀጉር አለው፤ ማታ እጄን ሲያሳክከኝና ሲወጋኝ አደረ። በማግስቱ በእርጥብ ጨርቅ እየፈተግሁ አራገፍኩት። ቀጥሎ ልባሱን ልክ እንደ ወረቀት አግድም ላጥፈው ስል ተሰነጠቀ። ጭረቱ በቁመቱ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ በቁመቱ ካልሆነ እሺ አይልም። ማስቲሽ ላለመግዛት የዱቄት ማጣበቂያ ሠራሁ፤ ሐምሌ መሆኑን ረስቻለሁ። በአሶሳ ሐምሌ የተለጠፈ ነገር መቼ ይደርቃል? ወረቀቱ እርጥበቱን ጠጥቶ እንደ ቆርቆሮ ተጣመመ። ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ አይጥ መጥታ የዱቄቱን ጠርዝ በላች። የሳቀብኝን ወንድሜን ልገድለው ደርሼ ነበር።

ከዚህ በኋላ ማጣበቁን ትቼ መሸመን ጀመርኩ። ወረቀቱ ላይ በምላጭ ትይዩ መስመሮችን ቀደድኩ፤ ቀዳዳዎቹ ዳር ድረስ አይደርሱም። ከዚያ ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጣሪዎችን አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያደረግሁ አሳለፍኳቸው። ያለ ምንም ማጣበቂያ ያዘ! ምን ያህል እንደተደሰትኩ አልነግራችሁም። ስንጣሪው በቀላሉ እንዲታጠፍልኝ ከእርጥብ ግንድ ላይ ነበር የወሰድኩት። ካርዱ ለእርማት እስኪደርስ ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ግን ስንጣሪው ደረቀና ቀጠነ፣ በየመሀሉ ክፍተት ተፈጠረ፣ አንዳንዱም እየተንሸራተተ ወጣ። በዚያ ላይ ካርዱን ከሠራሁ በኋላ ፖስታ ፍለጋ ብወጣ የሚበቃው ፖስታ አጣሁ። ካርዴ ከሁሉም ፖስታ ይሰፋ ነበር። ምክሬን ለሚሰማ፤ አስቀድማችሁ ፖስታውን ግዙ፣ ከዚያ ካርዱን በፖስታው ልክ ቁረጡ። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ለሁለት ቆርጣችሁ ግማሹን ብታጥፉት 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርድ ይወጣዋል፤ ለዚህ ልክ የተሠራው ፖስታ 11.4 በ16.2 ሴንቲ ሜትር ነው።

ውጤቴ ከ20 11 መጣ። ‹‹ሐሳቡ ጥሩ፣ ጥራት ይጎድለዋል›› የሚል ተጽፎበታል። ለጥቂት ቀናት ተናድጄ ነበር፤ ጽጌረዳ የሠሩት 16 እና 17 ሲያገኙ እኔ 11! ኋላ ላይ ሳስበው ግን መምህራችን አልተሳሳቱም። ካርዱ ላልቷል፣ ስንጣሪው ይወጣል፣ ፖስታም የለውም። ቅር የሚለኝ ስለ ጥራቱ ሳይሆን ከማረሚያው ነጥቦች ውስጥ ‹‹ካርዱ ለማን ነው?›› የሚል አንድም ነጥብ አለመኖሩ ነው። ንጽሕና ነጥብ አለው፣ የቀለም ምርጫ ነጥብ አለው፣ ልኬት ነጥብ አለው። የሚቀበለው ሰው ግን ነጥብ የለውም። ስለዚህ ሁላችንም የሠራነው ለማረሚያው ነው፤ ማረሚያው ደግሞ እንቁጣጣሽ አያከብርም።

የመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ያንን የላላ ካርድ ይዤ በዋናው በር ዞሬ አባባ ግቢ ገባሁ። አዲስ ልሥራ ወይስ ይህንኑ ልስጥ ብዬ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት። አዲስ ልሥራ ካልኩ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚያድር ራሴን አውቀዋለሁ። ውስጡ ላይ የጻፍኩት ‹‹አባባ፣ እንኳን አደረሰዎት። ከአጥሩ ማዶ›› የሚል ብቻ ነበር። ተቀበሉኝ፣ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት። እኔ የምስጋና ቃል ነበር የምጠብቀው። እሳቸው ግን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹‹ልጄ፣ ይሄ አጥር ቢሆን ኖሮ ፍየል ይገባበታል›› አሉኝ።

ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ‹‹ቁጭ በይ›› ብለው ስንጣሪዎቹን አንድ በአንድ አወጡና ስህተቴን አሳዩኝ። አንደኛ፣ እርጥቡን ከሸመንሽ ሲደርቅ ይቀንሳል፤ መጀመሪያ አድርቂው፣ ልትሠሪበት ስትይ ብቻ ውኃ አስነኪው። ሁለተኛ፣ ከግንዱ የሚጠነክረው የውጪው ልጥ ነው፤ የውስጡ ተሰባሪ ነው። ሦስተኛ፣ ሁለት ተከታታይ መስመሮችን ሁለቱንም ከላይ ጀምረሻቸዋል፤ አንዱ ከላይ ከጀመረ ቀጣዩ ከሥር ነው መጀመር ያለበት፣ አለበለዚያ እርስ በርስ አይያያዙም። ከቀፎ ሥራቸው የተረፈ ደረቅ ስንጣሪ አምጥተው እዚያው ካርዴን እንደገና ሸመኑት። መሀሉ ላይ የተውኩትን ሽንቁር ሲደርሱ ቆም አሉ። ‹‹ይሄስ?›› አሉኝ። ‹‹እሱ እንዲሁ ይሁን አባባ›› አልኳቸው። አልደፈኑትም። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም፤ የልጅ ልጃቸው ቡና አፈላች፣ ጠጥቼ ወጣሁ። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

ይህንን ለጓደኞቼ ስነግር አንዷ የዶርም ልጅ ‹‹ታዲያ በቴሌግራም እንኳን አደረሰዎት ብትያቸው አይበቃም ነበር?›› አለችኝ። ቀልድ አይደለም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የታተመ ካርድ ከመነሻውም የተፈጠረው ጊዜ ለማትረፍ ነው። በታሪክ የመጀመሪያው ለሽያጭ የቀረበ የገና ካርድ የሚባለው በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ያሳተመው ነው። ሰውየው ሥራ ይበዛበት ነበር፤ ለመጣለት የገና ደብዳቤ ሁሉ በእጁ መልስ መጻፍ ስላቃተው ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለ ሠዓሊ ሥዕል እንዲሠራለት አድርጎ አባዛው፤ ከዚያ የሚጠበቅበት የተቀባዩን ስም መጻፍ ብቻ ሆነ። የዛሬው የቴሌግራም ሥዕል የዚያ የልጅ ልጅ ነው፤ ስም መጻፍም ቀርቷል፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ‹‹ላክ›› ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም። እኔም ለሩቅ ዘመዶቼ እንደዚያው ነው የማደርገው። በእኛ አገርም ደብዳቤ በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ ቤት ድረስ የማይመጣ ስለሆነ ስልኩ ብዙ ነገር አቅልሎልናል።

ነገር ግን ቴሌግራም አባባን ‹‹ፍየል ይገባበታል›› አያሰኛቸውም። ከስልክ የመጣ ሥዕል ያለቀለት ነው፣ ማንም አያርመውም። የእኔ ካርድ ያላለቀ ስለነበር ለእሳቸው የሚሠሩት ነገር ተረፈ። ጉድለትን እያመሰገንኩ አይደለም፤ 11 ያገኘሁበትን ምክንያት ተቀብያለሁ። የምለው፣ በእጅ የተሠራ ነገር ዋጋው ከማማሩ አስቀድሞ ለአንድ ለሚታወቅ ሰው ተብሎ መሠራቱ ላይ ነው። ያንን ሰው ካሰብን ስልቱ ራሱ ይመጣል። እኔ ‹‹የቀርከሃ ካርድ›› የሚባል ስልት ልፈልስፍ ብዬ አልተነሳሁም፤ ለአባባ ምን ይሆናቸዋል ብዬ ስነሳ ነው ቀርከሃው ጋ የደረስኩት። ጽጌረዳው ላይ ያቆመን ጥበብ ማጣት ሳይሆን ሰው ማጣት ነው።

ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ በተቃራኒው ‹‹እንግዲያው አብዝተሽ ሽጪው፣ ሕዳሴ ግድብን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይገዛሻል›› ይለኛል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ክልላችን ቀርከሃ ሞልቶት የበዓል ካርዱ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ መሆኑ ያሳፍራል። የሚሸጥ ካርድ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እሱ ጥራት፣ ልኬትና ዋጋ ይፈልጋል፣ በዚያ ላይ የመምህራችን ማረሚያ ትክክል ነው። እኛ ግን የምንሠለጥነው ልጆችን ልናስተምር ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ‹‹የክወናና የእይታ ጥበባት›› የተባለውን ትምህርት (ብዙዎቻችን አሁንም ‹‹ኤስቴቲክስ›› የምንለውን) ይዘን ወደ ኩርሙክ፣ ወደ ሸርቆሌ፣ ወደ ባምባሲ፣ ወደ ማኦ ኮሞ ስንሄድ ከእኛ የሚጠበቀው ብልጭልጭ ይዘን መሄድ አይደለም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ነገር በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጠን ሰሌዳ ላይ አንድ ናሙና ብቻ አይለጠፍ፤ ወይ ብዙ ይሁን ወይ ምንም አይሁን። አንድ ናሙና ትእዛዝ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ማረሚያው ላይ ከ20ው ቢያንስ 5 ነጥብ ‹‹ለማን ነው፣ ለእሱስ ለምን ይስማማል?›› ለሚል መልስ ይሰጥ፤ መልሱም በሁለት መስመር ከካርዱ ጋር ይያያዝ። ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን እጃቸው የሚያውቅ ሰዎች፣ ቀፎና ጎተራ የሚሠሩ፣ ስፌት የሚሰፉ፣ ሸክላ የሚሠሩ እናቶችና አባቶች ክፍላችን ገብተው ሥራችንን ይዩልን። በመጽሐፍ ያላገኘሁትን፣ እርጥብ ስንጣሪ ሲደርቅ እንደሚቀንስ፣ እኔ የተማርኩት ከአባባ ነው።

ለተማሪዎች ደግሞ፣ በተለይ ለሴቶቹ፣ አንድ ነገር ልበል። ‹‹እኔ ሥዕል አልችልም›› አትበሉ። እኔም አልችልም። መሸመን፣ ማጠፍ፣ መቁረጥ፣ መስፋት ሥዕል አይፈልግም። የመጀመሪያው መበላሸቱ አይቀርም፤ ይበላሽ። ግን አትጣሉት፣ ለታሰበለት ሰው ስጡት። ክፍል ስትገቡም ‹‹ወንዶች ሳሉ፣ ሴቶች ዘምሩ›› አትበሉ፤ ሁለቱም ሁለቱንም ይሞክሩ። አብረውን የሚማሩት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ፣ አማራ፣ ኦሮሞና ሌሎችም ናቸው። ሺናሻው በመስከረም መጨረሻ ጋሪ ዎሮን ያከብራል፤ ለመሆኑ ‹‹እንኳን አደረሰህ›› ብለን ካርድ የሰጠነው ማን አለ? አንድ ዓይነት መልአክና አንድ ዓይነት ጽጌረዳ ለሁሉም የማይሆነው ለዚህ ነው።

የቀረውን ልንገራችሁና ላብቃ። በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር ነበር። ረፋዱ ላይ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ከአጥሩ ማዶ ‹‹እትዬ!›› የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአባባ ትንሿ የልጅ ልጅ ናት፤ ድንጋይ ላይ ቆማ በአጥሩ አናት ላይ እጇን ዘርግታለች። በአንድ እጇ በሳህን የተሸፈነ ምግብ፣ በሌላው ከደፍተር የተገነጠለ ወረቀት። ወረቀቱ ለአራት ታጥፏል። ዳርና ዳሩ ላይ ቀጫጭን ስንጣሪ ተሸምኗል፤ አንዱ ከላይ፣ ቀጣዩ ከሥር፣ በትክክል። ውስጡ ላይ በትምህርት ቤት በተማረችው በላቲን ፊደል በበርታኛ አንድ መስመር ተጽፏል። አንብቢልኝ ብላት አፈረች፣ ሮጣ ገባች።

አጥሩ ያው ነው፣ ሽንቁሩም እስካሁን አልተከፈተም። መስመሩ ምን እንደሚል ግን አባባን ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ እሱን ለራሴ ልያዘው። ካርዱ ለእኔ ነዋ!

ቸር እንሰንብት።